ቀለም የለቀቀው ሻርፕ

ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። የማታምኑ ሞክሩት፤ ወይ ጫፉ መሬት ይጠርጋል፣ ወይ መሃሉ ይጨማደዳል፣ ወይ ራሳችሁ ውስጡ ተጠቅልላችሁ ትቀራላችሁ። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዷ በዚህ፣ አንዷ በዚያ ሁለት ሁለት ጫፍ ይዘው ይወጥሩታል፣ አንድ ጊዜ ያራግፉታል፣ ከዚያ ተቀራርበው ጫፉን ከጫፍ ያገናኛሉ። እናቴና አክስቴ ይህንን ሥራ በሳምንት መቶ ጊዜ ያህል ይሠሩት ነበር። ወሬያቸውም የሚሄደው በአንሶላው ልክ ነው። ርቀው ሲቆሙ ሰፈር የሚሰማውን ያወራሉ፤ ተቀራርበው እጃቸው ሲነካካ ድምፃቸው ዝቅ ይልና ለልጅ ጆሮ የማይሆነውን ይጨርሳሉ። እኔ ከተወጠረው አንሶላ ሥር ቁጭ ብዬ የወሬውን አናት እንጂ ጅራቱን ሰምቼ አላውቅም።

ላውንደሪው የሁለቱም ነበር። መንገድ ዳር አንድ ሰፊ ክፍል፣ ከጀርባው ግቢ፣ ከግቢው ማዶ የምንኖርባቸው ሁለት ክፍሎች። እናቴ ታላቅ ናት፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ነገር ቶሎ የሚገባት፣ ከገባት በላይ ደግሞ ቶሎ የምትቆጣ። አክስቴ በስድስት ዓመት ታንሳለች፤ ረጅምና ቀልደኛ ናት፤ አንሶላ ሲያጥፉ ለእናቴ ቁመት ስትል ጉልበቷን ሸብረክ ታደርጋለች። እናቴን «እትዬ» ነው የምትላት። አባቴን አላውቀውም፣ ሳልወለድ ነው የሞተው። አክስቴ አላገባችም። እኔና እሷ አንድ አልጋ ላይ እንተኛለን፤ እሷ በግድግዳው በኩል፣ እኔ በዳር። ለምን እኔ ዳር እንደምሆን ስጠይቃት «ከወደቅሽ ከአንቺ ይልቅ የእኔ አጥንት ውድ ነው» ትለኛለች።

ዋናው ደንበኛችን የወሊድ ክሊኒክ ነበር። ዓርብ አንሶላው ይመጣና በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ትኩስ ውሃ ደምን ጨርቁ ላይ ስለሚያደርቀው። ቅዳሜ ይታጠባል፣ እሑድ ይተኮሳል፣ ሰኞ በጠዋት ይሄዳል። ግቢው ውስጥ ሦስት በርሜል አለ፤ አንዱ የነጭ ብቻ ነው። በረኪና የሚገባውም እሱ ውስጥ ብቻ ነው። «ነጭና ቀለም አይገናኙም» የሚለው የቤታችን የመጀመሪያ ሕግ ነበር፤ ስሜን ሳልጽፍ እሱን ነው የተማርኩት። ሁለተኛው ሕግ የአክስቴ ነው፤ «በረኪና የማያስለቅቀው ነገር የለም።» እኔ ሁለተኛውን ነበር አብልጬ የማምነው።

ስምንት ዓመት የሞላኝ ዓመት የምርጫ ዓመት ነበር። እናቴ አንድ ቀን ወይን ጠጅ ሻርፕ አንገቷ ላይ አድርጋ ገባች። በሳምንቱ አክስቴ ብርቱካናማ ቆብ ደፍታ መጣች። መጀመሪያ ተሳሳቁ። እናቴ «ቆቡ ለቁመትሽ አይሆንም፣ አውሮፕላን ይመታሻል» አለቻት። አክስቴም «አንቺን ደግሞ ሻርፑ ዋጠሽ» አለች። እኔ የዋንጫ ጨዋታ መስሎኝ ነበር፤ ቀኑ ደርሶ አንዱ ያሸንፋል፣ ከዚያ ተጨባብጠው ወደ ቤታቸው ይገባሉ ብዬ።

ካደግሁ በኋላ የሁለቱንም ፓርቲዎች የፕሮግራም መጽሐፍ ፈልጌ አነበብኩ። ሁለቱም ውሃ ያስገባሉ፣ ሁለቱም መንገድ ይሠራሉ፣ ሁለቱም ሌባ አይወዱም። የሚለያዩት አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ነው፤ እሱንም ሦስቴ አንብቤ ልዩነቱ በቅጡ አልገባኝም። እናቴም አክስቴም ገጽ አሥራ አንድ እንዳልደረሱ ደግሞ እርግጠኛ ነኝ። እናቴን ወደ ወይን ጠጆቹ የወሰደቻት እኔን ስትወልድ ያዋለደቻት ሴት ናት፤ በዚያ የሐዘን ዓመት እጇን ይዛ ያልለቀቀቻት እሷ ብቻ ነበረች። አክስቴን ወደ ብርቱካኖቹ የወሰዳት የማታ ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ነው፤ በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ጭንቅላት እንዳላት የነገራት የመጀመሪያው ሰው። የተከተሉት ሰው ነው። ሐሳቡ በኋላ ነው የመጣው፣ እሱም እንደ ቆቡና እንደ ሻርፑ ተሰጥቷቸው።

ሳቁ አንድ ወር አልቆየም። «እነሱ» የሚል ቃል ቤታችን ገባ። «እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው» ትላለች እናቴ፣ ሸሚዝ እየተኮሰች፣ ለማንም ሳትናገር። «የአንዳንድ ሰው ዓይን እያየ አያይም» ትላለች አክስቴ፣ ለበርሜሉ። ሬዲዮው አንድ ነበር፣ ጣቢያው ሁለት፤ ቀድማ የተነሣችው የራሷን ትከፍታለች፣ ሌላዋ ውሃውን ከሚገባው በላይ ድምፅ እያሰማች ትቀዳለች። አክስቴ «እትዬ» ማለቷን ተወችና «ሴትዮዋ» ማለት ጀመረች። አንሶላውን ግን ማጠፍ ነበረባቸው። ፊታቸውን አዙረው ያጥፉታል። አክስቴ ጉልበቷን ሸብረክ ማድረጓን ተወች፤ እናቴም በእግር ጣቷ ቆማ እየተንጠራራች ትይዛለች እንጂ ዝቅ በይ አትላትም። ከሥር ሆኜ የማየው ያንን የእናቴን ተረከዝ ነበር፣ ከጫማው ወጥቶ ሲንቀጠቀጥ።

ከእኛ ቀጥሎ ባለው ሱቅ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። አንድ ዓይናቸው ላይ ማጉያ መስታወት ስለሚያደርጉ ሲያዩኝ ሁልጊዜ በአንድ ዓይናቸው የሚያስቡ ይመስለኝ ነበር። አንድ ዝናባማ ረቡዕ ከሰዓት ሸሚዛቸውን ሊወስዱ መጥተው ሳይወጡ ቀሩ። ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

«እስቲ ሁለታችሁም አረፍ በሉ። በዚህ ዝናብ ማንም አይመጣም» አሉ።

«ጋሼ፣ ሥራ አለብኝ» አለች እናቴ።

«ሥራው የትም አይሄድም። አንድ ጨዋታ ላጫውታችሁ። አንቺ ታላቋ፣ እህትሽ ምን እንደምታስብ ንገሪኝ። ሳትሰድቢ። እሷ "አዎ፣ እሱ ነው" እስክትል ድረስ የራስሽን መናገር የለም።»

እናቴ ሳቀች፣ የማያስቅ ሳቅ። «የእሷማ ምን ይጠፋል? ትንንሽ ሱቅ ሁሉ ይፍረስ፣ ፎቅ ይሠራበት፣ ድሃ ከከተማ ይውጣ ነው።»

«እኔ?» አለች አክስቴ። «እኔ ራሴ ትንሽ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ? ቤቴን በላዬ ላይ ላፈርስ?»

«አልሆነም» አሉ ሰዓት ሠሪው። «እንደገና።»

እናቴ እንደገና ሞከረች፤ አልሆነም። ሦስተኛ ሞከረች። እኔ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ጨዋታው ስለ ከበዳት አዘንኩላት፤ እናቴ እንቆቅልሽ ላይ ጎበዝ ነበረች። በአራተኛው የሻርፑን ጫፍ እየጠመዘዘች «የማታ ትምህርት ቤቱ እንዳይዘጋባት ነው» አለች። «ዕድሜዋ በሰው አንሶላ ላይ እንዳያልቅ ነው። ሌላ ነገር መሆን ትችል ነበር፤ እኔን ብላ ነው የቀረችው።»

«አዎ» አለች አክስቴ። «እሱ ነው።»

«አሁን ያንቺ ተራ» አሏት።

አክስቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የሳተችው። «ፈርታ ነው» አለች። «እነዚህ ወይን ጠጆች ይሻላሉ ብላም አይደለም። ሁሉም ነገር ከተነቃነቀ ብቻዬን ልጅ ይዤ ምን እሆናለሁ ብላ ነው።» እናቴ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ እንባዋ መጣ።

እኔ እናቴ ያለቀሰችው ስለ ተሸነፈች መስሎኝ ሰዓት ሠሪውን ጠላኋቸው። ለብዙ ጊዜ በሱቃቸው በር ሳልፍ ፊቴን አዞር ነበር። ያ ከሰዓት በዚያ ዓመት ውስጥ ሁለቱ እህቶች የተገናኙበት ብቸኛ ቀን እንደሆነ ለመረዳት ትልቅ ሰው መሆን ነበረብኝ። ሌላ ሩብ ሰዓት ቢያገኙ ምናልባት ይህንን ታሪክ አልጽፈውም ነበር።

ሩብ ሰዓቱን አላገኙም። ወይን ጠጅ ሻርፕ ያደረጉ ሁለት ሴቶች ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ፤ ስለ እሑዱ ሰልፍ ሊነግሯት ነው የመጡት። የእናቴን እንባ አዩ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርቱካናማ ቆብ አዩ። አንደኛዋ «ምን አደረገችሽ?» አለች። እናቴ አክስቴን አየቻት። ከዚያ በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገችና «ምንም፤ ሳሙና ዓይኔ ገብቶ ነው» አለች። አክስቴ ቆቧን አንሥታ ደፋች። ሰዓት ሠሪው ሸሚዛቸውን ይዘው ወጡ።

የዚያን ዕለት ማታ አልጋው ላይ አክስቴ ጣሪያውን እያየች «ያ ጨርቅ ካንገቷ ቢወርድ እኮ እህቴ ትመለስልኝ ነበር» አለች። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው። እኔ ግን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ነው የያዝኩት።

አስቡት እንግዲህ፤ የላውንደሪ ልጅ ነኝ። እናቴ የተበላሸችው ሻርፑ ላይ ባለው ቀለም ነው፣ በረኪና የማያስለቅቀው ነገር የለም፣ በረኪና ያለው ነጩ በርሜል ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን ሕግ እንደምጥስ አውቃለሁ፤ ግን ሻርፑ ነጭ ሆኖ ከወጣ በኋላ ከነጭ ጋር ነጭ ነው፣ ምን ችግር አለው? ዓርብ ከሰዓት እናቴ ሙቀት በዝቶባት ሻርፑን ሚስማር ላይ ሰቅላው ነበር። አወረድኩት። የክሊኒኩ አንሶላዎች ተዘፍዝፈው ነበር፤ ሠላሳ አራት ናቸው፣ አክስቴ ስትቆጥር ሰምቻለሁ። እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ሻርፑን ከሥር ቀበርኩት። ለማንኛውም ብዬ ከበረኪናው ሦስት ክዳን ጨመርኩ። ከዚያ ተኛሁ፣ ነገ ነጭ ሻርፕና የድሮ እናቴን አገኛለሁ ብዬ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተኛሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ጠዋት ክዳኑን ያነሣችው አክስቴ ናት። ጮኻ አልጠራችም። ዝም ብላ ቆማ ስትቀር እናቴ ካውያውን አስቀምጣ መጣች። አንሶላዎቹ ቦታ ቦታውን ወይን ጠጅ፣ ቦታ ቦታውን ሮዝ ሆነዋል። ከሥር ሻርፑ ወጣ። ነጭ አልሆነም። ተዥጎርጉሮ ማንም የማይለብሰው ጨርቅ ሆኗል።

«ሻርፔን እዚህ ምን አመጣው?» አለች እናቴ።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ካንገትሽ መቼ ወርዶ ያውቃል? ሥራ ላይ ጎንበስ ስትዪ ወድቆብሽ ነዋ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ነጭ ከቀለም ቀላቅዬ አላውቅም። አውቀሽ ነው የከተትሽው። በሰዎቼ ፊት ልታዋርጂኝ ነው።»

«ለአንቺ ሻርፕ ብዬ የራሴን ጉሮሮ ልዝጋ? እብድ ነኝ?»

«እብድስ ይሻል ነበር። እነሱ ያስተማሩሽ ነው።»

ይህንን ሁሉ እኔ ከማድረቂያው ገመድ ሥር ሆኜ እሰማለሁ። መናገር ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ነበር፣ ምላሴ ላይ ነበር። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። «ትናንት አክስትሽን በርሜሉ አጠገብ አይተሻታል?»

«አዎ» አልኩ።

እውነት ነው። አክስቴ በየቀኑ በርሜሉ አጠገብ ናት፣ ሥራዋ ነው። ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያ እውነት ግን የጎዳ ውሸት አልዋሸሁም። አክስቴ አንድ ጊዜ አየችኝና ዓይኗን መለሰች።

እስከ ምሳ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ነበር። ወይን ጠጅ ሻርፕ ያላቸው ሴቶች መጥተው ውስጠኛው ክፍል ተቀመጡ፤ ብርቱካናማ ቆብ የደፉ ወጣቶች መንገድ ዳር ከአክስቴ ጋር ቆሙ። በዚህ መሃል እናቴ እጄን ይዛ ወደ ግቢው ቧንቧ ወሰደችኝ። የልብስ ብሩሽና ግማሽ ሎሚ አመጣች። ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ ጥፍሬን ከነሥሩ ፈተገችው፤ አሳመመችኝ፣ ግን አላለቀስኩም። አንድ ቃል አልተናገረችም፣ ፊቴንም አላየችም። አክስቴ ወደ ግቢው በሚያስወጣው በር ላይ ቆማ ነበር። እኔ በእንግዳ ፊት በቆሸሸ እጅ እንዳላሳፍራት መስሎኝ ነበር። እናቴ እጄን በቀሚሷ አደረቀችና ወደ ሴቶቹ ገባች። «ያው፣ እነሱ እንዲህ ናቸው» ስትል ሰማኋት።

ያኔ አክስቴ ሻንጣዋን አወጣች። ብዙ ልብስ አልነበራትም። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ሳያት ጎንበስ አለችና ግንባሬን ሳመችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ግድግዳውን አንቺ ያዢ» አለችኝ። የማትመለስ መሆኑ የገባኝ በዚህ ነው።

ክሊኒኩ አንሶላዎቹን ሌላ ቤት ወሰደ። ምርጫው ሄደ፤ ማን እንዳሸነፈ አላስታውስም፣ ቤታችን ውስጥ ግን ያሸነፈ አልነበረም። እናቴ የቀሩትን ትልልቅ ጨርቆች አንዱን ጫፍ በሩ ላይ ባሉ ሚስማሮች በመቆንጠጫ እያያዘች ከበሩ ጋር ታጥፍ ነበር። እኔ ቁመቴ አይደርስም። ከደረሰም በኋላ ከእኔ ጋር ማጠፍ አልወደደችም፤ «አንቺ ትምህርትሽን አጥኚ» ትለኛለች።

ሠላሳ ሁለት ዓመት አለፈ። ወይን ጠጁ ፓርቲ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ብርቱካኑ ከአንደኛው ስንጣቂ ጋር ተዋሐደና ስሙንም ቀለሙንም ቀየረ። የቀድሞዎቹ ሁለት መሪዎች አንድ ሠርግ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሳሳቁ በቴሌቪዥን አየናቸው። እናቴ ተነሥታ ቴሌቪዥኑን ዘጋችው። እኔ በሁለቱ እህቶች ላይ ከራሴ በላይ አልፈርድም። መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ካለፈው ምርጫ ጀምሮ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር በአንድ ባንኮኒ ቆመን በወረቀት ነው የምንነጋገረው። ምን ብላ እንደምታስብ ጠይቄያት አላውቅም፤ አውቀዋለሁ ብዬ ስለማስብ ነው። ሰዓት ሠሪው አሁን ቢኖሩ እጃቸውን ይዤ ወደዚያ ባንኮኒ እወስዳቸው ነበር።

ካደግሁ በኋላ አክስቴን በየወሩ እጠይቃት ነበር። የማታ ትምህርቷን ጨርሳ በአንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆና ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። እናቴ እንደምሄድ ታውቃለች፤ ስሄድም ስመጣም አትጠይቀኝም። እኔና አክስቴም ያንን ዓመት አንሥተን አናውቅም። ዘንድሮ እናቴ ሰባ አራት ዓመት ሞላት፤ ልቧ ደከመ፣ ሐኪሙም ለክፉ ቀን እንድንዘጋጅ ነገረን። የምናገረው ነገር ካለ ጊዜው አሁን ነው አልኩና ሄድኩ። የያዝኩትን እውነት ብናገር ሁለቱ የሚተቃቀፉ መስሎኝ ነበር። አርባ ዓመቴ ነው፣ አሁንም በረኪና አምናለሁ ማለት ነው።

«አክስቴ፣ ያንን ሻርፕ በርሜሉ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። «አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን። እናትሽ እጅሽን ስትፈትግ በሩ ላይ ቆሜ አላየሁም? ጥፍርሽ ሥር ወይን ጠጅ ነበር። እሷም ቀና ስትል አየችኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ገባችና ለሴቶቿ እኔ እንዳደረግሁት ነገረቻቸው።»

«ታዲያ አንቺ ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን? እኔስ ከማለዳ ጀምሮ እሷ ናት ብዬ ለአገር ተናግሬ አልነበር? ስሚ፤ እነዚያ ልጆች ሻንጣዬን ተቀባብለው ነው የተሸከሙልኝ። "አይዞሽ፣ እነሱ እንዲህ ናቸው" እያሉ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን የተወደድኩበት ቀን የለም። ተመልሼ "ልጅቷ ናት ያደረገችው" ብል ሻንጣዬን ማን ይይዝልኛል?» ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። «እሷ አንድ ቃል ትናገር እንደሆን ብዬ ጠበቅሁ። እሷም ያንኑ ስትጠብቅ ነበር መሰለኝ።»

«እኔ እኮ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ የለያየኋቸው እያልኩ ነው የኖርኩት።»

«ያን ያህል ትልቅ ሰው አልነበርሽም፣ ስምንት ዓመትሽ ነበር» አለች። «ሻርፑ ባይሆን ሳሙናው ይሆን ነበር። ሳሙናው ባይሆን ዝናቡ።»

ቀለለኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። የተሰማኝ ግን ንዴት ነው። ሁለት አዋቂ ሴቶች አንዲት ልጅ የተሸከመችውን እያዩ ዝም ብለዋል፤ ዝም ያሉትም በክፋት አይደለም፣ ጎረቤት እየሰማ መሳሳቴን እንዴት ልናገር ብለው ነው። ለመሄድ ስነሣ አክስቴ እስከ በሩ ሸኘችኝ።

«ትመጣ እንደሆን በሬ አይዘጋባትም» አለችኝ። «ሦስት ፎቅ ግን አልወጣም።»

«እንቢ ማለትሽ ነው?»

«ጉልበቴ ነው አልኩሽ። ሁሉን ነገር ፖለቲካ አታድርጊው።»

እናቴን መስኮቱ አጠገብ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ ሊፍት የለውም። ከሕመሟ ወዲህ ከሐኪም ቤት በቀር ወርዳ አታውቅም። የተባለውን ሁሉ ነገርኳት፣ አንድም ሳልቀንስ። ስጨርስ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስታየው ቆየች።

«ሴቶቹ ተቀምጠው ነበር» አለች። «አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አልወጣ አለኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ የራሱን ነገር ይዞ መጣ። ያቺ አዋላጄ እንኳ ኋላ ከፓርቲው ወጣች። እኔ ነኝ የቀረሁት።»

«አክስቴ ተቀይማ አይደለም የማትመጣው።»

«ዘንድሮ ማንን መረጠች?»

«አልጠየቅኋትም።»

«ደግ አደረግሽ» አለች። ከዚያ ወደ መንገዱ እያየች «ጉልበቷ ነው ያልሽው?» አለችኝ።

«ጉልበቷ ነው። ደረጃ አትወጣም።»

«በፊትም ለጉልበቷ አታዝንለትም ነበር። ሸብረክ ስትልልኝ ይንቋቋ ነበር እኮ፣ ይሰማኝ ነበር።» በእግሯ አልጋው ሥር ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

«እማ፣ ሐኪሙ ደረጃ ከልክሎሻል» አልኳት።

«የከለከለኝ መውጣት ነው። ስለ መውረድ አላነሣም።»

«መመለሱስ?»

«ሲደርስ ይታሰብበታል።»

አልተከራከርኳትም፤ ከእሷ ጋር ተከራክሮ የረታ የለም። ጫማዋን አጠለቅሁላት። በአንድ እጇ የደረጃውን መደገፊያ፣ በሌላው የእኔን ክንድ ይዛ ወረድን፤ በየደረጃው ሁለቱንም እግሯን ታሳርፋለች። አራት አምስት ደረጃ ስትወርድ ትቆምና ስለ ብርቱካኖቹ የሆነ ነገር ትናገራለች፤ ስለ መብራቱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለዚያ የማታ አስተማሪ። ስለዚህ ነገር እዚያ አንዲት ቃል እንዳታነሣ ለመንኳት። «ካላነሣችብኝ አላነሣባትም» አለችኝ።

ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ እስትንፋሷ አጠረና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አጠገቧ ቆሜ የደም ሥሯን በጣቴ ያዝኩ። ፈራሁ። ታክሲ ቢጠራ ከታች ነው፣ ሰው ቢጠራ ከላይ ነው። ገና ብዙ ይቀረናል፣ እንመለስ አልኳት።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ» አለች። «አምስት ደቂቃ ጨምሪልኝና እንሄዳለን።»